የቤት ወርክሾፕ የብየዳ ጠረጴዛ፦ የትኛው ይሻላል? እንዴትስ ይተከላል?

የብየዳ ጠረጴዛ ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ላሜራው ስንት ሚሊ ይሁን?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው አይደለም። ጠረጴዛው ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንኛውም ጠንካራ ብረት ይበቃ ነበር። የብየዳ ጠረጴዛ ግን መለኪያም ነው። ላዩ ላይ የምትገጥሙት ፍሬም ቀጥ የሚለው ጠረጴዛው ራሱ ለጥ ያለ ሲሆን ነው። ጠረጴዛው ከተጣመመ በሩም፣ መስኮቱም፣ መደርደሪያውም ያንኑ ጥመት ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በመዶሻ መታገል ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አስቀድሙ። አንደኛ፣ ጠረጴዛው ለጥ እንዳለ ይቆያል ወይ? ሁለተኛ፣ ሥራውን ጥርቅም አድርጎ ለማሰር ይመቻል ወይ? ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ብረቱንም ይስባል። ያንን ስበት የሚቋቋመው ማሰሪያው ነው። ሞርሴቶ፣ ማለትም ዕቃን ከጠረጴዛ ጋር ጨምቆ የሚይዝ ማሰሪያ፣ የማይገባበት ጠረጴዛ ምንም ያህል ቢወፍር ግማሽ ጠረጴዛ ነው። ውፍረት ሦስተኛ ይምጣ።

አንድ ወጥ ላሜራ

በብዙ ቤት የሚገኘው ይሄ ነው፤ ከቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ከሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) የተሠራ ፍሬም፣ ከላዩ ወፈር ያለ ላሜራ። ትልቁ ጥቅሙ ነፃነት ነው። ትንሽም ትልቅም ዕቃ ይቀመጥበታል። ብሎን ቢወድቅ አይሾልክም። ልኩን በጠመኔ ላዩ ላይ ትስላላችሁ። ማቆሚያ ካስፈለገ ቁራጭ አንጎላሬ (የኤል ቅርጽ ያለው ብረት) በነጥብ ብየዳ፣ ማለትም ለጊዜው በሚይዝ ትንሽ ብየዳ፣ እዚያው ትለጥፋላችሁ፤ ሥራው ሲያልቅ በግራይንደር ታነሱታላችሁ። ውድ ባለቀዳዳ ጠረጴዛ ላይ ይህን ለማድረግ ማንም አይደፍርም።

ስለ ውፍረቱ አንድ ስሌት ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ካሬ ሜትር ብረት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። 1.2 ሜትር በ0.8 ሜትር የሆነ ላሜራ በ6 ሚሊ 45 ኪሎ አካባቢ፣ በ10 ሚሊ 75 ኪሎ፣ በ12 ሚሊ 90 ኪሎ ይሆናል። ላለመጉበጥ ያለው አቅም ግን እንደ ክብደቱ አይደለም የሚያድገው፤ በውፍረቱ ኩብ ነው። 12 ሚሊው ከ6 ሚሊው በክብደት እጥፍ ነው፤ በአልጎብጥ ባይነቱ ግን 8 እጥፍ ነው። 10 ሚሊው እንኳ ከ6 ሚሊው ከ4 እጥፍ ተኩል በላይ ይጠነክራል።

እኔ ለቤት 10 ሚሊ እላለሁ። 6 ሚሊም ይሠራል፤ ግን ከሥሩ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ መሸከሚያ ይፈልጋል፣ አንድ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ ስትበይዱበትም ሙቀቱ ያሳብጠዋል። 3 ሚሊ ላሜራ ለመሳቢያና ለመደርደሪያ ጥሩ ነው፤ ለብየዳ ጠረጴዛ ገጽ ግን አይሆንም። ከ12 ሚሊ በላይ መሄድ የሚያስፈልገው ከባድ ማሽነሪ ለሚጠግን ሰው ነው።

የወጥ ላሜራ ጉድለት ሁለት ነው። ሞርሴቶ የሚይዘው ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ነው፤ መሀሉ ላይ ያለ ዕቃ ማሰሪያ የለውም። ሌላው፣ በትኩሱ የተዳመጠ ላሜራ ሁልጊዜ ለጥ ብሎ አይመጣም። መጋዘን ውስጥ ተዛንፎ የቆየ፣ በክሬን መሀሉ ተንጠልጥሎ የተነሳ ብዙ አለ። ስትገዙ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። በቁመቱ፣ በወርዱና በሁለቱም ሰያፍ አጋድሙት። ከሥሩ ብርሃን ሲሾልክ ካያችሁ ሌላ ይምረጡላችሁ። ቤት ከገባ በኋላ ማቃናት ከባድ ነው።

ርብራብ ጠረጴዛ

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ላሜራ የለም። 100 ሚሊ የሚሰፉና 10 ወይም 12 ሚሊ የሚወፍሩ ጠፍጣፋ ብረቶች ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ በመሀላቸው ከ40 እስከ 50 ሚሊ ክፍተት ይተዋል። ያ ክፍተት ነው የጠረጴዛው ሀብት። ሞርሴቶ በየትኛውም መስመር ይገባል። መሀል ላይ ያለችውን ትንሽ ቅንፍ ሳይቀር ወደ ታች ስባችሁ ታስራላችሁ። ብልጭታውና የብየዳ ቅርፊቱ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ከሥራው ሥር ገብቶ ልክ አያዛባም። በግራይንደር ወይም በፕላዝማ መቁረጫ ማሽን ስትቆርጡም መስመሩን ክፍተቱ ላይ ታደርጉታላችሁ።

ሌላም ጥቅም አለው። አንዱ ብረት ቢቃጠል ወይም ቢጎብጥ እሱ ብቻ ይቀየራል። ሲጓጓዝም አንድ ሰው አንድ በአንድ ተሸክሞ ያስገባዋል፤ 75 ኪሎ ላሜራ በጠባብ በር ማስገባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ጉድለቱ፣ ትናንሽ ዕቃ ይሾልካል። ይህን አንድ ቁራጭ ላሜራ ይፈታዋል፤ 30 በ40 ሴንቲ የሆነ ባለ 10 ሚሊ ቁራጭ አጠገባችሁ አኑሩ፤ ጥቃቅን ሥራ ሲመጣ ጣል ታደርጉታላችሁ። ሁለተኛው ጉድለት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ብረት በየራሱ ከጎረቤቱ ጋር መስተካከል አለበት። አንዱ ግማሽ ሚሊ ከፍ ካለ ሥራው ሁሉ እሱ ላይ ይወዛወዛል። ስለዚህ ብረቶቹን ከፍሬሙ ጋር አትበይዷቸው። በብሎን እሰሯቸው፤ ዝቅ ያለው ሥር ስስ ላሜራ እንደ ሽብልቅ አስገቡ።

ባለቀዳዳ ጠረጴዛ

ይሄ ፋብሪካዎች የሚወዱት ነው። ገጹ በሙሉ በእኩል ርቀት በተበሱ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። በስፋት የሚታወቁት ሁለት መጠኖች ናቸው፤ 16 ሚሊ ቀዳዳ በየ50 ሚሊው፣ እና 28 ሚሊ ቀዳዳ በየ100 ሚሊው። ማሰሪያው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይያዛል፤ ማቆሚያ ፒኑም እንዲሁ። ቀዳዳዎቹ በማሽን የተበሱ ስለሆኑ ሦስት ፒን ሰክታችሁ ሁለት ቱቦላሬ ስታስጠጉባቸው ዘጠና ዲግሪው ያለ ስኳድራ (ያለ ማዕዘን መለኪያ) ይገኛል። ሃያ ተመሳሳይ የወንበር እግር የሚሠራ ሰው በዚህ የሚያተርፈው ጊዜ ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ይለካል፤ የቀሩትን መጣል ብቻ ነው።

ግን ልብ በሉ። ጠረጴዛው ራሱ የወጪው ጅማሬ ነው። ያለ ማሰሪያዎቹና ያለ ፒኖቹ ባለቀዳዳ ጠረጴዛ ቀዳዳ ያለው ላሜራ ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ ተደምረው ከጠረጴዛው ዋጋ ጋር ሊፎካከሩ ይችላሉ። መደበኛ ያልሆነ የቀዳዳ መጠን ከገዛችሁ ዕድሜ ልካችሁን የሚገጥም መለዋወጫ ስትፈልጉ ትኖራላችሁ።

ተቆርጦ ተበስቶ የሚመጣ፣ እንደ እንቆቅልሽ ተሰካክቶ ቤት የሚበየድ ዓይነትም አለ። ዋጋው ቀለል ይላል። ለጥ ማለቱ ግን በገጣጣሚው እጅ ነው፤ ከሥር ያሉትን የጎድን አጥንት መሳይ ብረቶች በአንድ ጊዜ ዳር እስከ ዳር ከበየዳችኋቸው ገጹ ይጎብጣል። መጀመሪያ ሁሉንም በነጥብ፣ ከዚያ አጫጭር ብየዳ ከመሀል ወደ ዳር፣ ጎን እየቀያየራችሁ፣ እያቀዘቀዛችሁ።

«ላሜራ ገዝቼ ራሴ እበሳዋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። 1.2 በ0.8 ሜትር ገጽ ላይ በየ50 ሚሊው መብሳት ማለት ወደ 380 ቀዳዳ ነው። በእጅ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) የተበሳ ቀዳዳ ደግሞ ትንሽ መሸሹ አይቀርም፤ ቀዳዳው ከሸሸ የዚህ ጠረጴዛ ዋና ጥቅም፣ ያ ያለ ስኳድራ የሚገኘው ዘጠና ዲግሪ፣ አብሮ ይሄዳል። ከዚህ ይልቅ ወጥ ላሜራችሁ ላይ ማሰሪያ በሚያስፈልግበት ቦታ ስምንት አሥር ቀዳዳ ብሱ። ማሰሪያውን ታገኛላችሁ፤ ልኩን በስኳድራ ትሠሩታላችሁ።

ታጣፊው፣ ጊዛውና የቀረው

ታጣፊ ጠረጴዛ ቦታ ለሌለው ሰው ነው። ገጹ ስስ ነው፤ ተደግፋችሁ ስትበይዱ ይንቀጠቀጣል። ትንንሽ ቅንፍና ጥገና ይሠራል። በርና አጥር ከጠበቃችሁበት ግን ያሳዝናችኋል። ለሁለተኛ ጠረጴዛነት፣ ረጅም ቱቦላሬ ጫፉን ለማሳረፍ፣ ጥሩ ነው።

ከፋብሪካ የወጣ አሮጌ የጊዛ፣ ማለትም የካስት አይረን ጠረጴዛ ካጋጠማችሁ ቆም ብላችሁ አስቡበት። ሙቀት ቶሎ አያጣምመውም፤ የብየዳ ፍንጣሪም እንደ ተራ ብረት አይጣበቅበትም። ችግሩ ክብደቱ ነው፣ ነጥብ ብየዳ ለመለጠፍም አይመችም። ወለሉ የሚችል፣ የሚያነሳውም ማሽን ያለው ሰው ይውሰደው።

ዚንክ የተቀባ ላሜራ ለጠረጴዛ አይሁን። ዚንኩ በሙቀት ይተናል፤ ጭሱን የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ይይዘዋል። እንጨትማ ይቃጠላል፤ ላዩ ላይ ስስ ላሜራ ማልበስ አያድነውም፤ ሙቀቱ ከሥር እያጨሰ ይቆያል።

እንግዲህ ማን የቱን ይያዝ?

ሥራው ዛሬ በር፣ ነገ መደርደሪያ፣ ከነገ ወዲያ የተሰበረ ወንበር ለሆነ ሰው ርብራቡን እመክራለሁ። ከሁሉም ጋር ይግባባል፣ ማሰሪያውም ተራ ሞርሴቶ ነው። ጥቃቅን ሥራ የሚበዛበት፣ በተለይ በቲግ (ለስስ ሥራ በሚመች የብየዳ ዓይነት) ስስ ብረት የሚበይድ፣ ወጥ 10 ሚሊ ላሜራ ይሻለዋል፤ ክንዱን የሚያሳርፍበት ያልተቆራረጠ ገጽ ያስፈልገዋል። ባለቀዳዳው የሚገባው አንድን ዕቃ ደጋግሞ ለሚሠራ ነው። ገና የሚለማመድ ሰው ባለቀዳዳ ለመግዛት ባይቸኩል ጥሩ ነው። ያንን ገንዘብ ለደህና ሞርሴቶዎች ቢያውለው ሥራው ቶሎ ይሻሻላል። ስምንት ሞርሴቶ ያለው ተራ ጠረጴዛ፣ ሁለት ማሰሪያ ብቻ ካለው ባለቀዳዳ ጠረጴዛ የተሻለ ሥራ ያወጣል።

ሲተከል

ከመጠኑ እንጀምር። 1.2 በ0.8 ሜትር ለአብዛኛው ቤት ልክ ነው። ትልቅ ጠረጴዛ ያጓጓል፤ ግን ዙሪያውን መዞር ካልቻላችሁ ግድግዳው ጋ ያለው ግማሹ የዕቃ ማከማቻ ይሆናል። ቢያንስ በሦስት ጎን ሰው የሚያልፍበት 70 ሴንቲ ያህል ተዉ።

ከፍታው የራሳችሁ ነው። ቆማችሁ ክንዳችሁን እጠፉ፤ ከክርናችሁ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ዝቅ ያለው ለቆሞ ብየዳ ይመቻል። ለብዙ ሰው ከ90 እስከ 100 ሴንቲ መካከል ይወድቃል። ረጃጅም ፍሬም የሚገጥም ትንሽ ዝቅ ቢያደርገው ይሻላል፤ ሥራው ራሱ ከፍታ ይጨምራልና። በቲግ ተቀምጦ ለሚበይድ 75 ሴንቲ አካባቢ ይበቃል።

ለፍሬሙ 50 በ50 ባለ 3 ሚሊ ቱቦላሬ ይበቃል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ፍሬሙን ከላሜራው ጠርዝ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ወደ ውስጥ አስገቡት። ብዙ ጠረጴዛ ፍሬሙ ከጠርዙ ጋር እኩል ሆኖ ይሠራና ሞርሴቶ መንከሻ ያጣል። ይህ ካለቀ በኋላ የማይታረም ነው። እግሮቹ ጫፍ ላይ ወፍራም ዳዶ (የብሎን ማጥበቂያ) በይዱና ኤም16 ብሎን (16 ሚሊ የሚወፍር) ከፍ ዝቅ እንደሚል እግር አስገቡበት። ያልተስተካከለ ወለል ላይ አራቱም እግር እንዲረግጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ጎማ የግድ ከሆነ፣ ሥራ ሲጀመር ከመሬት የሚነሳና ጠረጴዛውን በእግሩ የሚያቆም ዓይነት ይሁን።

ላሜራውን ከፍሬሙ ጋር ዙሪያውን እንዳትበይዱት። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ይስበዋል፤ ለጥ ያለውን ገዝታችሁ የተጣመመ ታደርጉታላችሁ። ከሥር በብሎን ማሰር ይሻላል። ብየዳ ካስፈለገም ከ25 እስከ 30 ሚሊ የሆኑ አጫጭር ብየዳዎች ብቻ፣ ተራርቀው፣ ጫፍና ጫፍ እየተፈራረቁ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ አንድ ሜትር ብረት በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 1.2 ሚሊ ያህል ይጨምራል። በብሎን የታሰረ ላሜራ ለዚያ ትንሽ ቦታ አለው፤ ዙሪያውን የተበየደ ግን መሄጃ ሲያጣ ያብጣል።

አሁን ጥመቱን መፈተሽ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ውሃ ልክ ብቻውን አይበቃም። ጠረጴዛው በሙሉ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ቢያዘነብል ሥራችሁን አያጣምምም፤ የሚያጣምመው አንዱ ማዕዘን ከሦስቱ ሲለይ ነው። ይህን የሚያሳየው ክር ነው። ከአንድ ቱቦላሬ አራት እኩል ቁራጮች ቁረጡና በየማዕዘኑ አስቀምጡ። በእነሱ ላይ ሁለት ቀጭን ክር ከማዕዘን ማዕዘን አቋርጣችሁ ጥርቅም አድርጋችሁ ወጥሩ። መሀል ላይ ሲገናኙ ጎንበስ ብላችሁ ከጎን እዩ። ልክ ሳይገፋፉ ከተነካኩ አራቱ ማዕዘን አንድ ገጽ ላይ ናቸው። የላይኛው ከታችኛው ከራቀ ጥመት አለ። አሁን የላይኛውን ክር ከታች አድርጋችሁ ድገሙት፤ መጀመሪያ ላይ ተነካክተው ጥሩ የመሰሏችሁ ክሮች በድብቅ እየተጫጫኑ ሊሆን ይችላል፤ ከተቀያየሩ በኋላ ክፍተት ካሳዩ ይጋለጣሉ።

ክፍተቱ 1 ሚሊ ከሆነ አንዱን ማዕዘን በ1 ሚሊ ሳይሆን በ2 ሚሊ ማንቀሳቀስ ነው ያለባችሁ፤ አንድ ማዕዘን ሲነሳ የክሩ መሀል የሚነሳው በግማሹ ነው። የእግሩን ብሎን አዙሩ፤ ከላሜራው ሥር ሽብልቅ አስገቡ፤ እንደገና እዩ። ከዚያ በኋላ ማስመሪያውን አጋድማችሁ መሀሉን ፈትሹ። ለቤት ሥራ ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ከግማሽ ሚሊ በታች ከተለያየ በደስታ ሥሩበት።

ግራውንዱ

የግራውንድ ፒንሳው፣ ማለትም የብየዳ ማሽኑን መመለሻ ገመድ ከብረቱ ጋር የሚያገናኘው መንከሻ፣ ቦታ ይፈልጋል። ከፋብሪካ የሚመጣው ጥቁር ቅርፊት ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፤ ፒንሳው እሱ ላይ ከተነከሰ ቅስቱ (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ይወላገዳል፣ ፒንሳውም ይግላል። ከጠረጴዛው ጠርዝ ሥር ወፍራም የብረት ጆሮ በይዱ፤ ፊቱን እስኪያበራ ፈግፍጉት፤ የፒንሳ ቦታ እሱ ብቻ ይሁን። ርብራብ ከሆነ ብረቶቹ ፍሬሙን የሚነኩበት ቦታ ቀለም አይኑረው፤ አለዚያ ከሥራው ይልቅ በብሎኑ በኩል ብልጭታ ታያላችሁ። ሥራው ራሱ ዝገት ወይም ቀለም ካለው ፒንሳውን ከጠረጴዛው አውጥታችሁ በቀጥታ ሥራው ላይ ንከሱት። የጠረጴዛው እግር ላይ ወይም ጎማው አጠገብ ግን አይሁን፤ ኃይሉ በጎማው ኩሽኔታ (ጎማውን በሚያሽከረክሩት ኳሶች) በኩል መንገድ ካገኘ ያበላሸዋል።

ሞርሳውን፣ ማለትም ዕቃ በመንጋጋው ጨምቆ የሚይዘውን ቋሚ መሣሪያ፣ ማዕዘን ላይ፣ ከእግሩ በላይ፣ አድርጉት። ግን ተነቃይ ይሁን። ከጠረጴዛው ገጽ ከፍ ብሎ የቆመ ሞርሳ ረጅም ሥራ ሁሉ ይደናቀፍበታል። ከላሜራው ሥር ወፍራም ቱቦላሬ በይዳችሁ ሞርሳውን በውስጡ በሚገባ ሌላ ቱቦላሬ ላይ ካሰራችሁት ሲያስፈልግ ይገባል፣ ሳያስፈልግ ይወጣል።

ከሥሩ የሚቀመጠውን ነገር አስቡበት። ብልጭታ ይሮጣል፤ የእሳት ጥንቃቄ ደንቦች ተቀጣጣይ ነገር በ11 ሜትር ዙሪያ እንዳይኖር የሚሉት ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ ያን ያህል ቦታ ስለማይገኝ ማራቅ የማይቻለው በማይቃጠል መከለያ ይሸፈን። ቀለም፣ ቤንዚን፣ ጨርቅ፣ ካርቶን ጠረጴዛው ሥር አይደሩ። ሥራ ሲያልቅም ማሽኑን አጥፍታችሁ ወዲያው አትሂዱ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ዓይናችሁ እዚያ ይሁን። ገጹን ለማጽዳት ክሎሪን ያለበትን የፍሬን ማጽጃ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ የቀረው እርጥበት ከቅስቱ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ገጹ ቀለም አይቀባም። ፍንጣሪው ሳይከማች በሰፊ መሮ ጠርጉት። ግራይንደር ላይ አትሩጡ፤ በየጊዜው የተላገ ላሜራ መሀሉ ይጎደጉዳል። ከሥራ በኋላ በጣም ስስ ዘይት አብሱበት፣ ከመበየዳችሁ በፊት ደግሞ ጥረጉት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ከባድ ሥራዎች ከሠራችሁ በኋላ ክሮቹን እንደገና ወጥሩ፤ አዲስ ጠረጴዛ ሙቀት ሲለምድ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ብሎኖቹም ይላላሉ። አጥብቁ፣ ሽብልቁን አስተካክሉ፤ ከዚያ ወዲያ በዓመት አንዴ ማየት ይበቃል።